የበረንዳ አሮጌ ንጣፍ ስለ ማንሣት

በዛሬው የቤት አያያዝ ትምህርታችን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት የኖረ የበረንዳ ወይም የግቢ ንጣፍ ዕድሜው ሲያልፍ በምን ዓይነት ብልኀትና ጥንቃቄ ሊነሣ እንደሚገባው ነው። ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ጥቅምት ሲገባ በአዲስ አበባ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ለማደስ ግንበኛ የሚጠራበት ወራት ስለ ሆነ፣ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ጥቂት እንድናስብበት ይህን ዝግጅት አቅርበንላችኋል። ንጣፍ ማንጠፍን ሁሉም እንደ ሙያ ያከብረዋል፤ ማንሣትን ግን ጉልበት ካለ የሚበቃው ተራ ሥራ አድርጎ የማይቈጥር ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የማንሣቱ ሥራ ከማንጠፉ ያነሰ ዕውቀት የሚጠይቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አሮጌው ወለል ስለ ምን እንደ ተበላሸ የሚመሰክረው በሚነሣበት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ምስክርነቱን ሳይሰማ አድቅቆ የጣለው ባለቤት፣ በዚያው በቀድሞው ስሕተት ላይ አዲስ ገንዘብ ያፈስሳል።

በከተሞቻችን በረንዳ ላይ የሚገኘው ንጣፍ እንደየቤቱ ዘመን ይለያያል። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች በሚገኙት ዕድሜ ጠገብ ቤቶች ደጃፍ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው፣ አንዳንዱ ባለ አንድ ቀለም፣ አንዳንዱም በብራና መጻሕፍት ላይ እንደሚሣለው ሐረግ የተጠላለፈ ጌጥ ያለበት የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ በእሳት የተጠበሰ ሸክላ አይደለም፤ ቀለም የተቀላቀለበት ሲሚንቶ በብረት ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ፣ በጀርባው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ተደርቦበት፣ በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ፣ ከዚያም በውሃና በጊዜ ብዛት የጠነከረ ነው። ጎኑ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ጌጡን የያዘው የላይኛው ገጽ ግን ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከርሱ ሌላ፣ የእብነ በረድ ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ ገጹ እየተፋቀ የሚለሰልሰው ቴራዞ አለ፤ ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ሴራሚክ ደግሞ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት የተጠበሰ ጭቃ ነው። ሴራሚክ ስስ ስለ ሆነ በቶሎ ይሰበራል፤ ስብርባሪውም እንደ ምላጭ የሰላ ስለ ሆነ እጅንና ዓይንን ይጎዳል። የሲሚንቶው ንጣፍ ግን ወፍራምና ከባድ ሆኖ፣ በዘዴ ለያዘው ሰው ሳይሰበር ሙሉውን ሊወጣ ይችላል።

የአሮጌው ሥራ ከሥሩ የተያዘው በምን እንደ ሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። የጎንደር ነገሥታት አብያተ መንግሥታቸውን ያሳነጹት በድንጋይና በኖራ ነበር። ኖራ ከድንጋዩ የላላ ጠባይ ስላለው፣ ሕንፃው ሲፈርስ ወይም ሲታደስ ድንጋዩ ሳይጎዳ ከኖራው ይለያል፤ ያም ድንጋይ ተመልሶ ለሌላ ግንብ ይውላል። እንግሊዛዊው ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ግኝቱ የባለቤትነት መብት ካገኘ ወዲህ ግን፣ የዓለም ግንበኞች ቀስ በቀስ ወደዚህ እጅግ ጽኑ ወደ ሆነው ማጣበቂያ አዘነበሉ፤ በእኛም አገር በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ሲሚንቶ ጽኑ መሆኑ ለሚሠራው በጎ ነው፤ ለሚያነሣው ግን ችግር ያመጣል፤ ግንበኞች ሞርታር የሚሉት የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ በሲሚንቶ ከበለጸገ፣ ከላዩ ካለው ንጣፍ ይልቅ እርሱ ይጠነክርና፣ መሮ ሲገባ የሚሰበረው ንጣፉ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ ጌጠኛ ንጣፍን ሙሉ ለሙሉ ለማዳን የሚመኝ ባለቤት፣ ተስፋውን ከሞርታሩ ጥንካሬ ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል።

እንግዲህ ወለሉ ስለ ምን ይበላሻል? አንደኛው ምክንያት ሙቀትና ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በታኅሣሥና በጥር ወራት ቀን ፀሐይ የጠበሰው በረንዳ ሌሊቱን በብርቱ ይቀዘቅዛል። የሲሚንቶ ሥራ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ 5 ሜትር ርዝመት ያለው ወለል ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢለዋወጥ፣ ርዝመቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይለዋወጣል። ይህ መጠን ለዓይን ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መፈናፈኛ በሌለው ሁኔታ ታፍኖ ከተነጠፈ፣ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከዕለታት አንድ ቀን በቀትር ሁለት ንጣፎች እንደ ቤት ጣራ ተደጋግፈው ቆመው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው፤ በመጋጠሚያው ሰርጎ የገባ የክረምት ዝናብ ከሥር መውጫ ካጣ፣ ሞርታሩን እያራሰ ጨዉን እያሟሟ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በንጣፉ ጠርዝ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ የዚህ ምልክት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መሬቱ ራሱ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የግንበኛውን እጅ ሲረግም የሚውለው፣ ጥፋቱ ግን ከመሬቱ የሆነበት ጊዜ ስላለ ነው። በቦሌ በኩልና በሌሎችም የከተማይቱ ሜዳማ ስፍራዎች የሚገኘው መረሬ፣ ማለት ጥቁሩ የዋልካ አፈር፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያረፈው ቀላል የበረንዳ ወለል በክረምት ወደ ላይ ይገፋል፣ በበጋ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ዋናው ቤት ግን መሠረቱ ጠልቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ በስፍራው ይጸናል። በዚህ የተነሣ በበረንዳውና በቤቱ ግድግዳ መካከል ረጅም ስንጥቅ ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ንጣፉን ብቻ አንሥቶ ሌላ መተካት ፍጹም ከንቱ ድካም መሆኑን አስቀድማችሁ ዕወቁ። የጣራው አሸንዳ ውሃውን የት እንደሚያፈስሰውም ተመልከቱ፤ ከበረንዳው ጥግ ላይ የሚጥለው ከሆነ፣ ያንን አፈር ዓመት በዓመት የሚያሳብጠው እርሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ አንድም ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ ነው። ሐኪም የሕመምተኛውን ደረት በጣቱ እየመታ ድምፁን እንደሚያዳምጥ፣ እናንተም በመዶሻው የእንጨት እጀታ ንጣፉን አንድ በአንድ እየነካችሁ አዳምጡ።

(ድምፅ፦ የመዶሻ እጀታ ጽኑ ንጣፍን ሦስት ጊዜ ሲነካ።)

ይህ አሁን የሰማችሁት አጭርና ደረቅ ድምፅ፣ ንጣፉ በሥሩ ካለው ሞርታር ጋር አንድ አካል ሆኖ መኖሩን ያመለክታል።

(ድምፅ፦ የመዶሻ እጀታ ከሥሩ የለቀቀ ንጣፍን ሦስት ጊዜ ሲነካ።)

ይህኛው ግን ወፍራምና የሚያስተጋባ ነው፤ በንጣፉና በሞርታሩ መካከል አየር ገብቷል ማለት ነው። የለቀቀውን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ምርመራው ሲፈጸም ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላችሁ የምልክቱን አቀማመጥ ተመልከቱ። ምልክቱ በአንድ ጥግ ከተሰበሰበ፣ በዚያ ጥግ ውሃ ወይም የዛፍ ሥር አለ፤ በመላው ወለል ላይ ከተበታተነ፣ አነጣጠፉ የተበላሸ ነው፤ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ከሄደ ደግሞ፣ ከሥር ያለው አርማታ በዚያ መስመር ተሰንጥቋል። ጥቂት ብቻ ለቀው ሌላው ሁሉ ጽኑ ከሆነ፣ እኔ ወለሉን በሙሉ ማንሣትን አልመክርም፤ የለቀቁትን አውጥቶ መልሶ መትከል ይበቃል። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብም የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ወለሉ ከበሩ መድረክ ጋር ተካክሎ ወይም በልጦ ከሄደ የክረምት ውሃ ወደ ሳሎን ይገባልና፣ ከፍታው አስቀድሞ ይለካ።

ወለሉ እንዲነሣ ከተወሰነ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ መጠየቅ ይገባል። በአሮጌ ቤቶች የውሃ ቧንቧና የመብራት ሽቦ በበረንዳው ሞርታር ውስጥ ተቀብሮ ማለፉ የተለመደ ስለ ሆነ፣ የበረንዳው መብራትና የግቢው ቧንቧ በየት በኩል እንደ ተሳቡ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቢገኝ ይጠየቅ፤ ባይገኝ መብራቱ ከቈጣሪው ይጥፋ፣ የውሃውም መዝጊያ ይዘጋ። በረንዳው በመሬት ላይ ያረፈ ሳይሆን ከታቹ ክፍል ያለው ሰገነት ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከባድ ሰባሪ መዶሻ አርማታውን ሊሰነጥቀውና ፌሮውን ሊያጋልጠው ስለሚችል፣ በሰገነት ላይ በእጅ መዶሻና በመሮ ብቻ እንዲሠራ እመክራለሁ፤ በአርማታው ላይ የተለጠፈ ውሃ መከላከያ ሬንጅ ካለም እርሱ ተቀዶ ሲገኝ ሳይጠገን መታለፍ የለበትም። በመስታወት የተከለለ በረንዳ ሆኖ ወለሉ በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ አሮጌ የፕላስቲክ ንጣፍ ከሆነ ደግሞ አትስበሩት፣ አትፋቁትም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራው እንዲህ ያለ ንጣፍ አስቤስቶስ የሚባል፣ ጭረቱ ሳንባን የሚገድል ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳያየው መነካት የለበትም።

አሁን ወደ አቧራው ልምጣ። አድማጮቼ፤ ከዛሬው ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ቢሆን፣ ይህን እንድትይዙ እለምናችኋለሁ። አሸዋ፣ ሞርታር፣ አርማታና ሴራሚክ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አላቸው፤ ሲሰበሩና በተለይም በሚሽከረከር ዲስክ ሲቈረጡ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እንኳ የሚያንስ ረቂቅ ትቢያ ያስነሣሉ። ከዓይንና ከአፍንጫ የሚገባው ሻካራ አቧራ ያስነጥሳል፣ ያስለቅሳል፣ ይወጣልም፤ ይህ ረቂቁ ግን በአፍንጫ ጠጉር ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይወርድና በዚያ ይቀራል፤ ሳንባውም በዙሪያው ጠባሳ እየሠራ ይደርቃል፣ እስትንፋስም ያጥራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ ሕማም ፈውስ አልተገኘለትም፤ ሳንባውንም ለነቀርሳ በሽታ፣ ማለት ለቲቢ፣ የተጋለጠ ያደርገዋል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድንጋይ ጠራቢዎች በሚስቡት ትቢያ ምክንያት እንደሚያስሉና እንደሚታመሙ ገልጿል፤ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋምም በ1997 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር፣ ይህን ትቢያ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መደብ መድቦታል።

አቧራውን የሚስበው ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ በውስጥ ይቀመጣል፤ የሚስበው ለቀን ምንዳው የመጣው ወጣት ነው፤ እርሱም ዛሬ በዚህ ግቢ፣ ነገ በሌላው እየዞረ ስለሚውል፣ ለባለቤቱ የጥቂት ቀን የሆነው ነገር ለእርሱ የዘወትር እንጀራው ነው። በአፍ ላይ የታሰረ ሻሽ ወይም ሐኪሞች የሚያደርጉት ስስ የጨርቅ መሸፈኛ ይህን ረቂቅ ትቢያ አያግደውም፤ የሚያግደው ኤን 95 የሚባለው ወይም ከዚያ የተሻለ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም መሸፈኛ ነው። ዋጋው ከአንድ የንጣፍ ካርቶን ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ለሠራተኛው እንዲሰጥ፣ መልበሱንም እንዲያስገድድ አሳስባለሁ። ከመሸፈኛውም የሚበልጠው መድኃኒት ውሃ ነው፤ ወለሉ ከመመታቱ በፊት ይርጠብ፣ በሥራም ጊዜ ደጋግሞ ውሃ ይረጭበት፤ ደረቅ ትቢያ በመጥረጊያ አይጠረግ። የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራ ካለ ግን ሽቦው በረጠበው ወለል ላይ እንዳይንጋለል፣ መሰኪያውም ውሃ ከሚደርስበት እንዲርቅ ያስፈልጋል። የዓይን መነጽር፣ ወፍራም ጓንትና ጣት የሚሸፍን ጫማ ከዚህ ጋር የሚታሰቡ ናቸው፤ ሕፃናትም ሥራው እስኪፈጸም በዚያ በኩል አይለፉ።

የበሩን መስታወት በጣውላ፣ የውሃ መውረጃውን አፍ በጆንያ ከሸፈናችሁ በኋላ ሥራው ይጀመራል። አስቀድሞ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የተለጠፈው ዞኮሎ ይነሣል፤ እርሱ ካልተነሣ የዳሩ ንጣፍ አይላቀቅም፣ ግድግዳውም ልስኑ ይቀደዳል። ቀጥሎ በንጣፎቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ በቀጭን መሮ ይከፈታል፤ ይህን ሥራ የሚዘልል ሰው አንዱን ንጣፍ ሲመታ ጎረቤቱን ይሰብራል። ከዚያም ለመሥዋዕት የሚሆን አንድ ንጣፍ ይመረጣል፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ ወይም በምርመራ ጊዜ የለቀቀ ሆኖ የተገኘ ቢሆን ይመረጣል። እርሱ ከመካከሉ ተሰብሮ ሲወጣ፣ የቀሪዎቹ ጎን ይገለጣል፤ ከዚያ ወዲያ መሮው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን፣ ወደ መሬት አጋድሎ በንጣፉና በሞርታሩ መካከል ይገባል።

አንድ ጊዜ በቀበና በኩል በአንድ ወዳጄ ግቢ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ይህን ሥራ ለአንድ ወጣት ሲያሳዩት ተመልክቻለሁ። ወጣቱ መሮውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ በኃይል ሲመታ፣ አንድ ባለ ሐረግ ንጣፍ ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው ሳይቈጡ ጎንበስ አሉና፣ መሮውን ከእጁ ወስደው እስከ ወለሉ ድረስ አጋደሉት። «ጉልበትህን ለሞርታሩ አድርገው ልጄ፤ ንጣፉን አባብለህ ነው የምታስነሣው» አሉት። «እሺ ጋሼ» አለ ወጣቱ። ሽማግሌው በአራቱም ጎን ጥቂት ጥቂት እየነኩ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሳይበረቱ፣ በየምቱ መካከል ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር፤ ድምፁ ከደረቅነት ወደ ወፍራምነት ሲለወጥ መምታታቸውን ትተው፣ ስስ የእንጨት ሽብልቅ አስገብተው ብድግ አደረጉት። ንጣፉ ጥግ እንኳ ሳይጎድልበት ወጣ። ይህ የድምፅ ለውጥ፣ ቀደም ብዬ ለምርመራ ያሰማኋችሁ ያው ለውጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ሴራሚክ ከሆነ እንዲህ ያለው ትዕግሥት ብዙ አያተርፍም፤ ስስ ስለ ሆነ ከሲሚንቶ ጋር ከተጣበቀ በቁርጥራጭ ነው የሚወጣው። በሰፊ ጠፍጣፋ መሮ እየገፉ ማንሣት ነው፤ ስብርባሪው እንዳይፈናጠር እርጥብ ጆንያ ጣል ማድረግ ይረዳል።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ንጣፎች ሲወጡ፣ እባካችሁ ወዲያው ወደ ክምሩ አትወርውሯቸው። ገልብጡና ጀርባቸውን አንብቡ። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ፣ ሞርታሩ በሙሉ በመሬት ላይ ከቀረ፣ ንጣፉ ሲተከል ደረቅ ወይም አቧራ የያዘ ነበር፤ የሲሚንቶ ንጣፍ ውሃ ስለሚስብ፣ ደርቆ የተተከለ እንደ ሆነ የሞርታሩን ውሃ ይጠጣውና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ሞርታሩ ከንጣፉ ጋር ተጣብቆ ወጥቶ፣ ከሥሩ ያለው አርማታ ልሙጥና አቧራማ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥፋቱ አርማታው ሳይታጠብና ሳይሻክር መነጠፉ ነው። ሞርታሩ ራሱ ከመካከሉ ተከፍሎ፣ በጣት ሲፈተግ እንደ አሸዋ የሚበተን ከሆነ፣ ሲሚንቶ ተቈጥቦበታል፤ ወይም ከተነጠፈ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ደርቋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በጀርባው ላይ አራት ወይም አምስት የሞርታር እብጠቶች ብቻ ታትመው፣ መካከሉ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ነው፤ ግንበኛው ለመፍጠን ሲል በየጥጉ ጭብጥ ሞርታር ጣል አድርጎ ንጣፉን አሳርፎበታል። በዚያ ባዶ ስፍራ የክረምቱ ውሃ ሲጠራቀም ኖሯል፤ የወንበር እግር ሲያርፍበትም ንጣፉ የሚሰበረው በዚያ ነው። በጀርባው ላይ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ክር ተጠላልፈው ከታዩ ደግሞ፣ በአቅራቢያው ያለው ዛፍ ደጃፋችሁ ድረስ መጥቷል። እነዚህን ምልክቶች ለአዲሱ ግንበኛ አሳዩት፤ ከእርሱም ጋር የምትዋዋሉት ይህን አይታችሁ ይሁን።

ንጣፉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሞርታር በከባድ መዶሻና በሹል መሮ፣ ሰፊ ግቢ ከሆነም በኤሌክትሪክ ሰባሪ ይነሣል፤ ጽኑ ሆኖ ከአርማታው ጋር የተያያዘው ክፍል ለአዲሱ ሥራ ከፍታ የማያስቸግር ከሆነ በስፍራው ቢቀር ምንም አይጎዳም።

የሚወጣው ፍርስራሽ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ሰው አይገምትም። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ይገባል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ ከሥሩ 4 ሳንቲ ሜትር ሞርታር ቢኖር፣ የአንዱ ካሬ ሜትር ክብደት በድምሩ ወደ 125 ኪሎ ይጠጋል። እንግዲህ 5 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ በረንዳ ወደ 25 ኩንታል ፍርስራሽ ያወጣል ማለት ነው፤ ተሰባብሮ ሲከመርም ቀድሞ ከያዘው ቦታ በጣም ይሰፋል። ይህን ያህል ሸክም ማን እንደሚያወጣ፣ በማን ወጪና ወዴት እንደሚሄድ በውሉ ካልተጻፈ፣ ክምሩ ከደጅ ይቀራል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ሌሊት ተወስዶ ከጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚደፋው ነው፤ የእኛ በረንዳ ፍርስራሽ በሐምሌ የጎረቤታችንን ቤት በጎርፍ እንዲያስወርር ማድረግ በደል ነው። ንጹሕ ፍርስራሽ ደቅቆ ለእግር መንገድ ድልዳል ይሆናል፤ ፕላስቲክና ሬንጅ የተቀላቀለበት ግን ለዚህ አይበጅም።

ሙሉ ሆነው የወጡት ጌጠኛ ንጣፎች ከቦታቸው ሲነሡ በጀርባቸው በተራ ቍጥር ይጻፍባቸው፤ ሐረጉ ተመልሶ የሚገጥመው ያን ጊዜ ነው። ሲከማቹም በጎናቸው ቆመው ይደርደሩ እንጂ በጠፍጣፋው አይከመሩ። በጀርባቸው የቀረውን ሞርታር በውሃ አሳድሮ በብረት ብሩሽ መፋቅ ይቻላል። አንዳንድ ሰው ሥራው እንዲፈጥንለት አሲድ ያፈስሳል፤ አሲድ ግን የሲሚንቶን ኖራ የሚበላ ስለ ሆነ፣ ሞርታሩንና ንጣፉን ሳይለይ አብሮ ይፈጃል፤ በእብነ በረድና በቴራዞ ላይም ሲያርፍ አረፋ እያወጣ ልሙጡን ገጽ ያጠፋዋል። ይህን አጥብቄ እከለክላለሁ።

በመጨረሻ አርማታው ታጥቦ ሲገለጥ፣ አዲስ ንጣፍ ለመግዛት አትቸኩሉ። በአርማታው ላይ ስንጥቅ ካለ በሁለቱም ጫፍ በቀለም ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጥቁ ከምልክቱ ካለፈ፣ ከሥር ያለው መሬት ገና አላረፈም፤ መረሬውን አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም አሸንዳውን ማዞር ከንጣፉ ይቀድማል። ስንጥቅ ከሌለ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላና ውሃ ልክ ይዛችሁ ቍልቁለቱን ለኩ፤ ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ይገባዋል፤ 4 ሜትር ለሆነ በረንዳ ይህ በድምሩ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያም በበሩ ደፍ አጠገብ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ግቢው ከወረደ ስፍራው ለነጣፊው ዝግጁ ነው፤ በመካከሉ ከቆመ ወይም ወደ በሩ ከተመለሰ፣ ድልዳሉ አሁን፣ ከላዩ ምንም ሳይኖር ይስተካከል። አዲሱ ንጣፍ እንዴት እንደሚተከልና መፈናፈኛ መጋጠሚያ በየስንት ሜትሩ እንደሚተውለት በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንነጋገራለን።